ቀለም የማይሸፍነው አማና፦ ቤት ሲሸጥና አዲስ ቤት ሲገዛ

አላህ (ሱ.ወ) ለሰው ልጆች ከዋለላቸው ጸጋዎች አንዱ ቤት መሆኑን በሱረቱ አን-ነሕል ያስታውሰናል። ቤት ከገበያና ከመንገድ የተመለሰ ሰው ጫማውን አውልቆ የሚያርፍበት፣ ልጆች ቁርኣን የሚቀሩበት፣ እንግዳ የሚስተናገድበት፣ የታመመ የሚታመምበት ጥላ ነው። ለአብዛኛው የአገራችን ቤተሰብ ደግሞ ከማረፊያነቱ ሌላ በዕድሜ ልክ ልፋት የተጠራቀመ ብቸኛ ሀብት ነው። እህል ገዝቶ የተታለለ ሰው በሚቀጥለው ገበያ ይተካዋል። ቤት ገዝቶ የተታለለ ሰው ግን የሃያ ዓመት ልፋቱን በአንድ ቀን ያጣል፤ ሚስትና ልጆቹም አብረውት ያጣሉ። ስለዚህ ቤትን ለሽያጭ ማሰናዳትና አዲስ ቤት መግዛት የዋጋ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአማና ጉዳይ ነው።

ውድ አንባብያን! ነገሩን በምሳሌ ለማየት እንዲመቸን ወደ ዳንግላ እንሂድ። ዳንግላ ከባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የአዊ ዞን ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ ሲሆን፣ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። እንዲህ ባለ አገር የቤት የመጀመሪያው ምስክር ዝናብ ነው። በባሕር ዛፍ እንጨት ቆሞ በጭቃ የተመረገው ነባር ቤትም ሆነ በብሎኬት የተሠራው አዲሱ ቤት ገመናው የሚገለጠው በክረምት ነው። ሻጭ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቤቱን ለገበያ የሚያቀርበው መንገዱ ሲደርቅና ፀሐይ ሲወጣ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ክረምት የተናገረውን በጋ ይደብቀዋል፤ የቀረውን ደግሞ ቀለም ይሸፍነዋል።

ማሳመር ሌላ፣ መሸፈን ሌላ

ቤትን ለሽያጭ ማሰናዳት የሚነቀፍ ነገር አይደለም። እንዲያውም ንጽሕና የሃይማኖታችን አካል ነው። ግቢውን መጥረግ፣ የተከመረውን አሮጌ ዕቃ ማውጣት፣ የተሰነጠቀ ምርግ ማደስ፣ የላላ የቆርቆሮ ምስማር ማጥበቅ፣ የተደፈነ አሸንዳ መጥረግ፣ የማይዘጋ በር ማስተካከል፣ ሽንት ቤቱን ማጽዳት፣ በመጨረሻም ግድግዳውን ቀለም መቀባት ሁሉም ተገቢ ነው። በጥቂት ወጪ የሚጠገን ነገር ሳይጠገን ቢቀር ገዢ ከሚገባው በላይ ይፈራና ዋጋውን ያወርዳል። ስለዚህ ጥገና ለሻጭም ለገዢም ይጠቅማል።

መስመሩ የሚታለፈው ጥገናው ቀርቶ መሸፈኛ ሲሆን ነው። ከሥር የበሰበሰ የግድግዳ እንጨት ሳይለወጥ በላዩ ላይ ምርግ ቢለጠፍበት፣ ምስጥ የበላው ምሰሶ በቀለም ቢታሽ፣ የዛገና የተቀደደ ቆርቆሮ ሳይነሳ ከሥሩ አዲስ ኮርኒስ ቢዘረጋ፣ የርጥበት እድፍ ያለበት ጥግ ላይ ቁም ሣጥን ቢገተር፣ ይህ ማሰናዳት ሳይሆን ማታለል ነው።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር አይተው እጃቸውን ወደ ውስጥ ማስገባታቸውንና ጣቶቻቸው ርጥበት ማግኘታቸውን አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) አውርተዋል፤ ሙስሊምም ዘግበውታል። ነጋዴው ዝናብ እንደመታው ተናገረ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎች እንዲያዩት ርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠይቀው፣ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ አስጠነቀቁ። ልብ እንበል! ነጋዴው እህሉን ራሱ አላረጠበውም። ጥፋቱ የዝናቡ አልነበረም፤ ርጥቡን ከሥር ማድረጉ ነበር። የዳንግላ ሻጭም ስለ ዝናቡ አይጠየቅም፤ ስለ ሸፈነው ጥግ ግን ይጠየቃል።

ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው። የሚጠገነውን ይጠግኑ፤ የማይጠገነውን ይናገሩ። ገዢ ሲመጣ ቤቱን ካስጎበኙት በኋላ፣ “ወንድሜ፣ ይህ ጥግ በክረምት ያንጠባጥባል፤ ያኛውም ግድግዳ ከሥሩ እንጨቱ ተበልቷል፤ ዋጋዬን ይህን አስቤ ነው የተናገርኩት” ማለት ነው። ከግድግዳውና ከጣሪያው ሌላ ሊነገሩ የሚገቡ ነገሮችም አሉ፦ በወሰን ላይ ከጎረቤት ጋር ክርክር ካለ፣ የሌላ ሰው መተላለፊያ በግቢው ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ፣ የጎርፍ ውኃ በክረምት ግቢውን የሚያቋርጥ ከሆነ፣ የተሞላ የሽንት ቤት ጉድጓድ ተደፍኖ በላዩ ቤት ከተሠራበት፣ የመብራት ወይም የውኃ ውዝፍ ክፍያ ካለ፣ ቤቱ ለዕዳ ዋስትና ከተያዘ።

“እንከኑን ከተናገርኩ ዋጋዬ ይወድቃል” የሚል ሰው አለ። እውነት ነው፤ ሊወድቅ ይችላል። ነገር ግን የወደቀው ቀድሞውንም የእርሱ ያልነበረው ገንዘብ ነው። ሐኪም ኢብኑ ሒዛም (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ሻጭና ገዢ እውነት ከተነጋገሩና ከተገላለጡ ሽያጫቸው እንደሚባረክ፣ ከደበቁና ከዋሹ ግን በረካው እንደሚጠፋ ተነግሯል። የአገሪቱ ሕግም ከዚህ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ጉድለቱን በተንኮል የደበቀ ሻጭ “ኃላፊ አልሆንም” የሚል ቃል በውሉ ውስጥ ቢያስገባ እንኳ እንዲድን አይፈቅድለትም።

የሚሸጠው የማን ነው?

በአገራችን ቤት ሲሸጥ የሚሸጠው መሬቱ አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑንና እንደማይሸጥ፣ እንደማይለወጥ ደንግጓል። ስለዚህ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በቦታው ላይ የተሠራው ቤትና ከእርሱ ጋር ያለው የይዞታ መብት ነው። ካርታ የሌለው፣ ከከተማ ዳር ከአርሶ አደር ማሳ በድብቅ ተቆርሶ የተሠራ “የጨረቃ ቤት” ምንም ቢያምር ገዢውን ባዶ እጁን ሊያስቀር ይችላል። የሚፈርስ ቤት እንደሆነ እያወቁ ሳይናገሩ መሸጥም የበሰበሰውን ምሰሶ ከመደበቅ የባሰ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ቤቱ የስንት ሰው ነው የሚለው ነው። በትዳር ውስጥ የተፈራ የጋራ ቤትን ባል ያለ ሚስቱ፣ ሚስትም ያለ ባሏ ስምምነት መሸጥ እንደማይችሉ የቤተሰብ ሕጉ ደንግጓል። አባት ወይም እናት ሞተው የቀረ ቤት ከሆነ ደግሞ የወራሾች ሁሉ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚበደልበት ነገር አለ። ወንድሞች ተስማምተው ሲሸጡ ያገቡት እኅቶች አይጠየቁም፤ “እርሷ ቤት አላት” ይባላል። አላህ በሱረቱ አን-ኒሳእ ለሴት ልጅ የወሰነላትን ድርሻ ማንም ሰው በዝምታዋ ሊወስደው አይገባም። ወራሾች በሕይወት እያሉ ተሰብስበው፣ ድርሻቸውን አውቀው፣ ሁሉም ፈርመው ሲሸጡ ገዢም ተረጋግቶ ይኖራል።

ሦስተኛውና በዘመናችን የበዛው ጉዳይ በዐረብ አገር ከሚሠሩ ልጆች የሚመጣው ገንዘብ ነው። አንዲት እኅት በሰው ቤት ዓመታት ሠርታ፣ እንቅልፏን አጥታ የላከችው ገንዘብ ቤት ሲገዛበት ካርታው በማን ስም ይወጣል? “እስክትመጣ በእኔ ስም ይሁን” የሚል ወንድም በልቡ ክፋት ባይኖረው እንኳ ሞት፣ ጋብቻ ወይም ዕዳ ሲመጣ ቤቱ የእርሱ ተብሎ ይቆጠራል። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። እኅቲቱ ባለችበት አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ውክልና ሰጥታ ቤቱ በራሷ ስም መገዛት ይችላል። ገንዘቡ አማና ነው፤ አማና ደግሞ ለባለቤቱ ይመለሳል።

ጎረቤትና ቃል

“የቅርብ ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ ይሻላል” ይባላል። ቤት ሲሸጥ ደግሞ ለጎረቤት አዲስ ጎረቤት እየተመረጠለት ነው። በቡኻሪ በተዘገበ አንድ ታሪክ፣ አቡ ራፊዕ (ረ.ዐ) በሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ግቢ ውስጥ የነበሩትን ሁለት ቤቶች እንዲገዙት ሰዕድን ጠየቀ። ሰዕድ በየጊዜው ተከፍሎ የሚያልቅ ከ4,000 በላይ እንደማይሰጡ ተናገሩ። አቡ ራፊዕ ከሌላ ሰው 500 ዲናር ቀርቦለት ነበር። ሆኖም ጎረቤት በቅርበቱ ይበልጥ ባለመብት መሆኑን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰምቶ ስለነበር በአነስተኛው ዋጋ ለሰዕድ ሰጣቸው። ዑለማዎች በዚህ መብት ወሰን ላይ ተለያይተዋል። ሐነፊዮች ለአጎራባች ጭምር ሲሰጡት፣ ሻፊዒዮችና ሌሎች ግን ያልተከፋፈለ ንብረት ላለው ባለ ድርሻ ብቻ ያደርጉታል። የሆነ ሆኖ ቤቱን ለደላላ ከመስጠት በፊት ለጎረቤት መንገር የሚያኮራ ሥነ ምግባር ነው።

ስለ ደላላም አንድ ነገር እንበል። በሐቅ የሚያገናኝ ደላላ ላቡን ይበላል። ነገር ግን ዋጋ ለማስወደድ የማይገዛ ሰው “ይህን ያህል እሰጣለሁ” እያለ እንዲመጣ ማድረግ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የከለከሉት ተግባር ነው። ከአንዱ ጋር በዋጋ ተስማምቶ ከጨረሱ በኋላ ሌላው ጥቂት ሺህ ብር ጨመረ ብሎ ቃል ማፍረስም እንደዚያው የተከለከለ ነው።

አዲስ ቤት አዲስ ስለሆነ ብቻ

አሮጌ ቤት እንከኑን በፊቱ ይዞ ይቀርባል። አዲስ ቤት ግን ገና ክረምት አላየም። ለመሸጥ ተብሎ በችኮላ የተሠራ ቤት ከውጭ እንደ መስተዋት ሊያበራ፣ ከውስጡ ግን ሲሚንቶው ተቆጥቦ ሊሆን ይችላል። የሲሚንቶ ሥራ ቢያንስ ለሰባት ቀን ያህል ውኃ እየጠጣ መቆየት አለበት፤ የታሰበለትን ጥንካሬ የሚያገኘውም በ28 ቀን ገደማ ነው። ውኃ ሳይጠጣ የደረቀ ልስን በእጅ ሲታሽ ዱቄት ያራግፋል፤ ሲንኳኳም ከግድግዳው እንደተላቀቀ የሚያስታውቅ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። የቆርቆሮም ውፍረት በጌጅ ይለካል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራል። ባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮ ከባለ 32 ይበልጥ ወፍራም መሆኑን የማያውቅ ገዢ ቁጥሩ ስለበለጠ ብቻ ሊደሰት ይችላል።

ስለዚህ አዲስ ቤት ሲያዩ ቀለሙን ሳይሆን የሚከተሉትን ይመልከቱ። የቤቱ ወለል ከግቢው መሬት በቂ ከፍታ አለው ወይስ ጎርፍ ይገባበታል? የጣሪያው ክፈፍ ግድግዳውን ከዝናብ ለመከላከል ወጣ ብሏል? አሸንዳው ውኃውን ወዴት ይወስደዋል? ወደ ጎረቤት ግድግዳ ከሆነ ጠብ ይዘው እየገቡ ነው። በመስኮትና በበር ማዕዘን ላይ ሰያፍ ስንጥቅ አለ? የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ከውኃ ጉድጓድ ምን ያህል ይርቃል? ቧንቧውን ይክፈቱ፤ መብራቱን ያብሩ፤ ቆጣሪው የቤቱ የራሱ መሆኑን ይጠይቁ። ከተቻለ ዝናብ በዘነበ ማግስት ተመልሰው ይሂዱ። ልምድ ያለው ግንበኛና አናጢ ከእርስዎ ጋር ወስደው ጥቂት ብር ቢከፍሏቸው የሚቆጭ ወጪ አይሆንም። ሚስትዎንም ይዘው ይሂዱ። ማድ ቤቱ ጭሱን ወዴት እንደሚያወጣ፣ ልጆች የት እንደሚጫወቱ፣ እንግዳ ሲመጣ ቤተሰቡ የት እንደሚገለል አብዛኛውን ጊዜ ቀድማ የምታየው እርሷ ናት።

የወረቀቱም ምርመራ ከቤቱ ምርመራ አያንስም። ካርታው፣ የግንባታ ፈቃዱና ፕላኑ ከቆመው ቤት ጋር ይመሳሰላሉ? ቦታው በሊዝ የተያዘ ከሆነ ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ አለበት? በ2004 ዓ.ም የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ግንባታ ሳይጀመር ወይም በግማሽ ሳይደርስ በሚደረግ ማስተላለፍ ላይ ገደብ አድርጓል። በማኅበር የተሰጠ ቦታ ከሆነም የሽያጭ ገደብ እንዳለበትና እንደሌለበት ማዘጋጃ ቤቱን መጠየቅ ይገባል። በአዲስ አበባም በዕጣ የተሰጠ የኮንዶሚኒየም ቤት አምስት ዓመት ሳይሞላው እንዳይሸጥ በመከልከሉ፣ በጓሮ በር የገዙ ሰዎች ስማቸው በሌለበት ቤት ለዓመታት በስጋት ኖረዋል።

ገና ያልተሠራ ቤት መግዛት ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በአዲስ አበባ ከ2000 ዓ.ም ወዲህ ከአክሰስ ሪል ስቴት ቤት ለመግዛት የከፈሉ ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ቤታቸውን ሳይረከቡ ዓመታት ማሳለፋቸው ብዙዎች የሚያስታውሱት ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም በ2017 ዓ.ም የሪል ስቴት ልማትንና ግብይትን የሚመለከት አዋጅ አጽድቋል። ሕግ ቢኖርም ግን ገዢ ዓይኑን መክፈት አለበት። ክፍያን ከግንባታው ደረጃ ጋር ማያያዝ፣ የማስረከቢያውን ቀንና የመዘግየቱን ቅጣት በውል ማስፈር ያስፈልጋል። ቤት ለማሠራት ውል የሚገቡ ሰዎችም የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 3039 የሥራ ተቋራጩን ቤቱን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ደኅንነት ዋስ እንደሚያደርገው ይወቁ።

ገንዘቡስ?

ቤት የሸጠ ሰው ገንዘቡ ሳይበተን ወደ ሌላ ቤት ቢያዞረው መልካም ነው። ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት ሐዲስም ቤቱን ሸጦ ዋጋውን በመሰሉ ላይ ያላዋለ ሰው በገንዘቡ በረካ እንደማይደረግለት ተጠቅሷል። የቤት ገንዘብ በድግስና በወረት ሲያልቅ ብዙ አይቆይም፤ ኪራይ ግን በየወሩ ይመጣል።

የጎደለውን በወለድ ብድር መሙላት ለሙስሊም ቤተሰብ የተዘጋ በር ነው። ለረጅም ጊዜም ይህ ብዙዎችን ከባንክ አርቆ አቆይቷል። ዛሬ ግን ሁኔታው ተለውጧል። ነባሮቹ ባንኮች ከወለድ ነጻ መስኮት ከፍተዋል። በ2013 ዓ.ም ደግሞ ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራ ባንክም ተከተለው። ከሚሠሩባቸው መንገዶች አንዱ ሙራበሓ ነው። በዚህ አሠራር ባንኩ የተፈለገውን ንብረት መጀመሪያ ራሱ ገዝቶ፣ ወጪውንና ትርፉን በግልጽ አስታውቆ፣ በቁርጥ ዋጋ ለደንበኛው በክፍያ ይሸጥለታል። ደንበኛው የሚከፍለው ጠቅላላ ዋጋ ከመጀመሪያው ይታወቃል፤ በመዘግየት አይባዛም። ከመፈረም በፊት ውሉን ማንበብና የሚያውቅ ዓሊም መጠየቅ ግን የእያንዳንዳችን ግዴታ ነው።

የውሉ ቀን

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አል-በቀራ ረጅም በሆነው አንቀጽ የጊዜ ዕዳ እንዲጻፍ፣ ምስክርም እንዲቆም አዟል። ቤትን በተመለከተ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ይጠይቃል። “እኛ ሙስሊሞች ነን፣ ቃላችን ይበቃል” ማለት መልካም ይመስላል። ነገር ግን ቃል የሰጠው ሰው ነገ ሲሞት ወራሹ ቃሉን አልሰማም። ውል መጻፍ አለመተማመን አይደለም፤ ወንድማማችነትን ከሸይጣን መጠበቂያ ነው።

ከመፈረም በፊት በማዘጋጃ ቤት ቤቱ ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑን ያረጋግጡ። በውሉ ላይ እውነተኛውን ዋጋ ይጻፉ፤ ግብር ለማሳነስ ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍ ውሸት ከመሆኑም በላይ ውሉ ቢፈርስ ገዢው የሚመለስለት የተጻፈው ብቻ ሊሆን ይችላል። የስም ማዛወሪያውን ወጪ ማን እንደሚከፍል፣ ቤቱ መቼ እንደሚለቀቅ ይስማሙ። የተነገሩትን እንከኖችም በውሉ ውስጥ ያስፍሩ፤ ይህ ሻጩን ከነገ ክስ፣ ገዢውን ከነገ ቁጭት ያድናል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። በቀብድ ላይ ሐንበሊዮች ሲፈቅዱ አብዛኞቹ መዝሀቦች እንደማይፈቅዱ ማወቅና በዚያ መሠረት መስማማትም መልካም ነው። “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” እንደሚባለው አንድ ሳምንት መዘግየት ከዓመታት ክርክር ይሻላል።

ውድ ወጣቶች! ነገ ትዳር የምትመሠርቱት፣ ቤት የምትገዙትና የወላጆቻችሁን ቤት የምትረከቡት እናንተ ናችሁ። ቤት ሲሸጥ ሽማግሌዎች ፊት ተቀምጣችሁ ውሉን አንብቡላቸው፤ እኅቶቻችሁ ድርሻቸውን ማግኘታቸውን ጠይቁ፤ ለገዢው ያልተነገረ እንከን ካለም አስታውሱ። በሚቀጥለው ክረምት ዝናብ ሲመታ በዚያ ቤት ውስጥ የሚያድሩት የሌላ ሰው ልጆች ናቸው።

አላህ ቤቶቻችንን የሰላምና የእርጋታ፣ ሽያጫችንንና ግዢያችንን የሐላልና የበረካ ያድርግልን። አሚን።